ዲላ ላይ የጎደለው ሰዓት

የመናኸሪያ ፊሽካ እንደ ዳኛ ፊሽካ አይደለም። አጭር ነው፤ ሁለቴ ይነፋና ይቆማል፤ ከኋላው የሚኒባስ በር ድርግም ሲል ይሰማል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሐዋሳ መናኸሪያ በር ላይ ሰማሁትና እግሬ ቀጥ አለ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ እርጥብ አስፋልትና ናፍጣ ይሸታል። ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ግን ዲላ ነበርኩ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል።

አባቴ ዲላ መናኸሪያ ስምሪት ላይ ነበር የሚሠራው። የትኛው መኪና መቼ እንደሚጭን፣ ተራው የማን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ሾፌሮች ይፈሩታል፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ሽማግሌ ነበርና አንዴ የተናገረውን አያጥፍም። እኛም እንፈራው ነበር፤ በተለይ እህቴ።

እህቴ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ ትታ ቲያትር ልሠራ ነው ብላ አዲስ አበባ ልትሄድ የተነሳች ቀን፣ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «ከእንግዲህ እኔ ባለሁበት እንዳላይሽ» አላት። እሷም ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሟን የሚጠራ ጠፋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በልግ ሲገባ፣ በቴሌቪዥን አየናት።

ጥንድ ጥንድ ሆነው አገር የሚያቋርጡበት ውድድር ነበር። ስልካቸውን አስረክበው እንደማንኛውም መንገደኛ በአውቶቡስና በሚኒባስ ብቻ ይጓዛሉ፤ በየጉዞው ከሁሉም ኋላ የደረሰው ጥንድ ይሰናበታል። እህቴና አንዲት የቲያትር ጓደኛዋ አራት ጥንድ እስኪቀር ድረስ ዘለቁ። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሊጀምር ሲል አባቴ ጃንጥላውን አንስቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። እናቴ ድምፁን ቀንሳ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች።

እኔና የዴስክ ጓደኛዬ ደግሞ የውድድሩ ተከታታዮች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበርን። ጉዞው የተቀረፀው ከወራት በፊት፣ በቡና ለቀማ ጊዜ ነው። የግሩፑ ሥራ ማን መቼ የት እንደነበረ አስልቶ፣ ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ተሰናባቹን ማወቅ ነበር። ጥላ እንለካለን፤ ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ ዜና ላይ ከሆነ ሰዓቱን ከዚያ እናወጣለን። ሁሉም የየከተማውን ያጣራል። የዲላው የእኛ ድርሻ ነበር። ተወዳዳሪዋ እህቴ መሆኗን ከጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የዚያን ሳምንት ጉዞ ከሐዋሳ ተነስቶ ኮቸሬ ወረዳ ሬኮ የሚባል ቦታ ባለ ቡና ማጠቢያ ላይ የሚያበቃ ነበር። እህቴ ዲላ ላይ ከሁሉም ቀድማ ስትወርድ አየናትና ፕሮግራሙ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ቀሪው ለቅዳሜ።

ሰኞ ዕለት ከዲላ ቀጥላ ካለችው ከወናጎ ከተማ አንዲት ልጅ በቀረፃው ቀን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ግሩፑ ላይ ለጠፈች። ሦስቱ ጥንዶች ወናጎን ያለፉት ከስድስት ሰዓት በፊት ነው። የመጨረሻው ፎቶ ላይ እህቴ የሚኒባስ መስኮት ተደግፋለች፤ የተነሳው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ጓደኛዬ ደብተሯ ላይ ደምራ ቀንሳ ቀና አለች።

«ዲላ የገባችው አምስት ሰዓት ነው። ወናጎ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፍታለች እኮ። የት ነበረች?»

ግሩፑ መልሱን አላጣም። የሐዋሳው ልጅ «የግል መኪና ተከራይተው መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ነው፤ አጭበርባሪዎች!» ብሎ ጻፈ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁሉም ያንኑ ይደግም ጀመር። «የዲላዎቹ ምን ትላላችሁ?» እያሉ እኛን ይጠይቃሉ።

«አባትሽን ጠይቂው እንጂ!» አለችኝ ጓደኛዬ። «ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?»

ሦስት ቀን ፈራሁ። ሐሙስ ማታ ራት ላይ፣ ቆጮውን እየቆረሰ ሳለ፣ ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሳ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ በለቀማ ጊዜ ካሜራ የያዙ ሰዎች መናኸሪያ መጥተው ነበር እንዴ?»

«መጥተው ነበር። ሦስት ጥንድ። ሦስቱንም እኔ ነኝ የጫንኳቸው።»

«አራተኛው ጥንድስ? ሰባት ሰዓት ላይ ወናጎ ታይተው ነበር።»

እጁ ቆመ። እናቴ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«እኔ እስካለሁ ድረስ አራተኛ አልመጣም» አለ።

«ምሳ የወጣኸው ስንት ሰዓት ነበር?»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ስድስት ሰዓት ተኩል።»

ይህን ሲል ድምፁ መጨረሻው ላይ ቀጠነ። ሒሳቡን በዚያች ቅጽበት ጨርሷል፤ ዕድሜውን በሙሉ ሲሠራው የኖረ ሒሳብ ነው። ስድስት ተኩል ከዲላ የተነሳ መኪና ሰባት ሰዓት ወናጎ ነው። ራቱን ሳይጨርስ እጁን ታጥቦ መኝታ ቤት ገባ። እኔም ለግሩፑ «ያየ ሰው አላገኘንም» ብዬ ዋሸሁ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ፤ መብራትም ጠፋ። ጓደኛዬ እኛ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። መብራቱ እንዲመጣም እንዳይመጣም እጸልይ ነበር ብል ማንም አያምነኝም። አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መጣ። አባቴ ጃንጥላውን አነሳ፣ በሩ ድረስ ሄደ፣ እጀታውን ያዘ። አልወጣም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ።

የዲላ መናኸሪያ አጥር ውጭ አናናስ ይሸጣሉ። ፕሮግራሙ ሲጀምር እህቴ ከአናናሱ ክምር ጀርባ ቁጭ ብላ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ታየች። ጓደኛዋ ቆማ ትለምናታለች።

«ተነሺ እንጂ! ሁሉም ሄደው አለቁ እኮ!»

«ትንሽ ቆዪ።»

«ምኑን ነው የምቆየው?»

«ያ ፊሽካ የያዘው ሰውዬ ምሳ እስኪወጣ።»

«ምን አገባሽ ከእሱ ጋር?»

እህቴ በአጥሩ ወደ ውስጥ አየች። ካሜራው ዞሮ ግቢውን አሳየ፤ ከሩቅ አባቴ ሚኒባስ ጣሪያ እየመታ፣ ፊሽካውን እየነፋ ይታያል። ከዚያ ፊቷን በቅርብ አሳዩን። የፈራች መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም ግን። እኔን ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኝ በነበረ ጊዜ የምታየኝ አስተያየት ነበር፤ እንደዚያ አድርጋ ነበር የምታየው።

ስልኬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። «ባለፊሽካው ማነው?» «ዕዳ አለባት መሰለኝ!» የአባቴን ፊት ቆርጠው ስቲከር ሠርተው ሲቀባበሉት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ምንም ሳልጽፍ ከግሩፑ ወጣሁ። ጓደኛዬም የራሷን ስልክ ዘጋች።

ሬኮ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቀዩ ቡና በውሃው እየተገፋ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ቀድመው ደርሰው ተቀምጠዋል። እህቴ ጓደኛዋን አቅፋ «ይቅር በይኝ፣ በእኔ ምክንያት ነው» አለቻት። ተሰናበቱ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባቴ ጃንጥላው በእጁ እንዳለ ነው።

«እኔ ባለሁበት እንዳላይሽ ብያት ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ቃሌን ጠበቀች።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ቁጥሯ አለሽ አይደል?»

እናቴ የምትክድ መስሎኝ ነበር። ከጉያዋ ስልኳን አውጥታ፣ በአንዲት ጎረቤታችን ስም የመዘገበችውን ቁጥር ደውላ ሰጠችው። ለሁለት ዓመት በድብቅ ስታዋራት እንደኖረች ያኔ አወቅኩ።

«ሄሎ? እማዬ?» አለች እህቴ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።  የሚያውቀውን ተናገረ።

«የመጀመሪያው አውቶቡስ ከአዲስ አበባ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጪ፣ ኋላው ያንገጫግጫል። ስምንት ተኩል ላይ ዲላ ይገባል። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

 ትንፋሿ ለእኔም ይሰማኝ ነበር።

«እሺ፣ አባዬ» አለች።

በሳምንቱ መጣች። አውቶቡሱ ዘግይቶ አሥር ሰዓት ሆነ፤ አባቴ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። እህቴ ከሁሉም ኋላ ወርዳ ደረጃው ሥር ቆመች። ሾፌሮቹ ሁሉ ያያሉ። አልተቃቀፉም። ጠጋ ብሎ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላትና መንገድ ጀመረ።

አባቴ ካረፈ ዓመት አለፈው። ሲያወራ ሳይሆን ሲራመድ ነው የሚመጣብኝ። ፈጣን ነበር፤ ልጆች ሳለን ከኋላው እንሮጥ ነበር። የዚያን ቀን ባጃጆቹ ሲጠሩን በእጁ መለሳቸውና ዳገቱን በእግር ያዘ። ጥቂት እንደሄደ እርምጃውን ቀነሰ። እህቴም ቀነሰች፤ ከኋላው መሆን ለምዳለች። እንደገና ቀነሰ። እስክትደርስበት ድረስ ቆሞ ሊቀር ትንሽ ቀርቶት ነበር። በመጨረሻ ትከሻዋ ከትከሻው እኩል ሆነ፤ ያኔ ሻንጣውን ወደ ሌላኛው እጁ አዞረና ጎን ለጎን ሄዱ።