ለአባቴ የሠራኋቸው ጦሮች

ከብየዳ ቤቴ በር በላይ አምስት የዓሣ ጦሮች ተሰቅለዋል። ዲላ ውስጥ መስኮትና በር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያቸውና "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። ጦር ነው እላለሁ። "ለምን?" ለዓሣ። "ይሸጣል?" እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። አይሸጥም! በር ልታሠራ ከመጣህ የበሩን ልክ ንገረኝ፣ ጦሩን ተወው። ሰው ግን መች ይተዋል። ባለፈው አንዱ ሰውዬ ይርጋጨፌ ላይ ካፌ ልከፍት ነውና ግድግዳው ላይ ለጌጥ ልስቀላቸው ብሎ ለመነኝ። ለጌጥ! ባልጮኽበት ጥሩ ነበር፣ ጮኽኩበት። በሩንም ሌላ ቦታ አሠራ።

ከአምስቱ አንዱን እኔ አልሠራሁትም። እሱ የአባቴ የድሮ ጦር ነው። አራቱን ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በእነዚህ እጆቼ ሠራኋቸው። አባቴም ዓይኑን ያጣው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱ ነገሮች የተያያዙ ናቸው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አባቴ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጣና ዳር ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ዲላ ተመድቦ መጣ፣ እዚሁ አገባ፣ እዚሁ እኔን ወለደ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣ። ከተማው በሙሉ "ቲቸር" ይለዋል። ያላስተማረው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ማስተማር ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፣ ዝም ብቻ አለኝ። ያን ዝምታ የማያውቅ ሰው "ምን ዓይነት ጥሩ አባት ነው" ይላል። እኔ ግን ዱላው ይሻለኝ ነበር። የራሴን ቤት ስከፍት እንኳን አልገባም። በደጄ ሲያልፍ እንደ ማንኛውም ጎረቤት እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። ዐሥራ ሰባት ዓመት እንደዚያ አለፈ።

ዓሣ ማደን ከጣና ይዞት የመጣው አመል ነው። መረብና መንጠቆ አይወድም፤ "እሱ መጠበቅ ነው እንጂ ማደን አይደለም" ይላል። በጾም ወራት ጧት በማለዳ ጦሩን ይዞ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ይወርዳል። ውሃው ከቡሌ ደጋ ስለሚመጣ በዚያ ሰዓት አጥንት ድረስ ይሰማል። እሱ ግን ቅዝቃዜውን ነበር የሚፈልገው። አምባዛ የሚባለው ጢማም ዓሣ በብርድ ጊዜ ድንጋይ ሥር ተኝቶ ስለሚቆይ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ከደረስክ ቆመህ ትወጋዋለህ። ልጅ ሆኜ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ትምህርቱን ከተውኩ በኋላ ብቻውን መሄድ ጀመረ። እናቴ ዓሣም ቢሆን ነፍስ አለው ብላ በጾም አትቀምስም። እሱ ደግሞ "ውሃ ውስጥ የበቀለ ጎመን ነው እኮ" እያለ ያበሽቃታል። ከጓሮ፣ በራሱ መጥበሻ፣ ራሱ ጠብሶ ይበላ ነበር።

የዛሬ አራት ዓመት፣ ሁዳዴ ላይ፣ የሰው በር ስበይድ ቆይቼ የፊት መከለያዬን ሳነሳ አባቴ ደጄ ላይ ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሎ፣ እግሩ ረጥቦ፣ ጦሩን ይዞ። ከዚያ ገባ። አዎ፣ ገባ! ጀሪካኑን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ጦር እምቢ አለኝ" አለ። "በሦስት ቀን ሦስት አምባዛ ሳትኩ። ጣቶቹ ሳይከፈቱ አልቀሩም፤ እስቲ እየው።"

ተቀበልኩትና አየሁት። ባለ ሁለት ጣት ጦር ነው። ጣቶቹ ቀጥ ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ምንም ያልሆነ ጦር። ብረት ሥራዬ ነው፣ አላወቅኩም ብዬ ማንንም አላታልልም። ደህና ነው ብዬ ብመልስለት ግን ይዞት ሊወጣ ነው። ይዞት ወጥቶ መቼ ሊመለስ?

"አዎ፣ ትንሽ ተከፍቷል" አልኩት። "ይሄን ተወው፣ አዲስ እሠራልሃለሁ።"

የመጀመሪያውን ከስምንት ቁጥር ፌሮ ሠራሁት፣ ባለ ሦስት ጣት። እሱ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ጠመኔዬን አንስቶ ላሜራዬ ላይ ወንዝ ሣለ፣ ዓሣ ሣለ፣ የብርሃኑን መስመር ሣለ። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፣ ስለዚህ ዓሣው ያለው ከምታየው ቦታ በታች ነው፣ ወደ ታች አድርገህ ውጋ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ይህንኑ ሲያስተምር ከኋላ ወንበር እንቅልፌን ስለጥጥ ነበር። ያን ቀን ገባኝ። "ገባህ?" አለኝ። "ገባኝ" ስለው ሳቀና "አይ መሐንዲስ!" አለኝ። እስኪ ምን ልበል። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ ግን ልቤ ጮቤ ረገጠች። በማግሥቱ ጧት "ትመጣለህ?" ብሎ ጠራኝ፣ አብረን ወረድን። ሳተ።

"ከበደኝ" አለ። "ውሃው ይይዘዋል።" እሺ፣ እናቅልለው። እጀታውን ከባሕር ዛፍ ወደ ቀርከሃ ቀየርን፣ ጣቶቹንም ከመኪና ባሌስትራ ቀጭን አድርጌ ቀጠቀጥኳቸው። ሁለተኛው ጦር እሱ ነው፣ ከሁሉም ያማረው። ያም ሳተ። ክረምት መጣና ወንዙ ደፈረሰ፤ ድፍርሱ ነው አልን። በገና ጾም ደግሞ ላይኛው አገር የቡና ማጠቢያዎቹ ሥራ ስለሚጀምሩ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ የቡና ውሃ ነው አልን። ለእያንዳንዱ ወራት ሰበብ ነበረን። ሦስተኛውን ባለ አምስት ጣት አደረግሁት። አምባዛ የሚያንሸራትት ዓሣ ስለሆነ እያንዳንዱ ጣት ላይ ወደ ኋላ የታጠፈ ጥርስ አወጣሁለት፤ አንዴ ከገባ እንዳይወጣ። ወደ ብየዳ ቤት መምጣቱ የየቀን ሆነ። ሻይ እናስመጣለን፣ ስለ ብረት እናወራለን፣ አንዳንዴ እናቴን እናማለን። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ስናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በመንገድ የማገኛቸው የቀድሞ ተማሪዎቹ "ቲቸር ኮራ እንዴ? ሰላም ስለው ዝም ብሎኝ ያልፋል" ይሉኝ ጀመር። "ጡረታ ሲወጣ ነው ኩራት የጀመረው" እያልኩ እቀልድ ነበር። እናቴ ጎኑ ያኖረችለትን ብርጭቆ በክርኑ እየጣለ ስንቱን ፈጀው። ትከሻው የበር መቃን እየመታው ሁልጊዜ የተላጠ ነው። ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ያያል፤ ጋዜጣ ያነባል፣ የመኪና ታርጋ ከሩቅ ያነብልኛል። ዓይኑ የታመመ ሰው ጋዜጣ ያነባል እንዴ? ይህን እያልኩ ራሴን አስተኛሁ።

ወንዙ ዳር ቡናና እንሰት ያላቸው አንድ የጌዴኦ ሽማግሌ አሉ፣ የአባቴ የቆዩ ወዳጅ። ዓሣ አይበሉም፣ ግን እኛን ማየት ያስቃቸዋል። በዚያው በገና ጾም አንድ ጧት፣ አባቴ ውሃው ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ እኔን ክንዴን ይዘው ወደ እንሰቱ ጥላ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ጦር ደህና ነው" አሉኝ። "ቲቸር ዓይን ነው ደህና ያልሆነው። አሁን ዓሣ በዚህ ሄደ፣ እግሩ አጠገብ። ትልቅ ነው። አላየም። ሐኪም ጋ ውሰድ።"

እግዜር ይስጥልኝ ማለት ሲገባኝ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? "እርስዎ ቡናዎን ይልቀሙ! ቲቸርን ነው ዕውር የሚሉት?" አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው። "እሺ ልጄ" አሉና ሄዱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ዓይኑ ከሆነ ጦር አያስፈልገውም፣ ጦር ካላስፈለገው እኔም አላስፈልገውም። ያኔ ነገሩን እንዲህ አጥርቼ አላሰብኩትም፣ ሆዴ ግን ያውቅ ነበር። በማግሥቱ አራተኛውን ጦር መሥራት ጀመርኩ።

አራተኛውን ጦር ማለትም ያሳፍራል። ባለ ሰባት ጣት፣ እንደ ሦስተኛው ባለ ጥርስ፣ አትክልተኛ ቅጠል የሚሰበስብበትን ብረት ያክላል። በዚህ የሚሳት ሰው የለም ብዬ ሰጠሁት። ሁዳዴ ዞሮ መጣና ወረድን። ውሃው ያን ቀን ልዩ ብርድ ነበረው፣ እግሬን አደንዝዞኛል። ከቀኙ በኩል አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ውሃውን ሲያይ ቆየ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጦሩን ሲያነሳ ከበስተኋላዬ ዓሣ አለ ብዬ ገለል ልልለት ነበር።

ሁለቱ ጣቶች ቀኝ እግሬ ውስጥ ገቡ።

"ያዝኩት!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። "ያዝኩት፣ መሐንዲስ! ትልቅ ነው!" በዚያ ዓመት ሙሉ ያልሳተው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ውሃው ውስጥ የምትነቃነቅ ጥቁር ነገር አየ፣ እግሬን። ከእግሬ በላይ ያለሁትን እኔን ግን አላየኝም። ስጮህ ድምፄ ከየት እንደመጣ ፈለገኝ፣ በግራ በኩል ፈለገኝ።

ጥርሶቹ ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ መንቀል አይቻልም። ሽማግሌው ሮጠው መጡ፣ እጀታውን በገጀራ ቆርጠው፣ ደግፈው እስከ አስፋልት አወጡኝ፣ ባጃጅ ላይ ጫኑን። ስለ ስድቤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ክሊኒክ ውስጥ ባለሙያው ሥጋዬን እየቀደደ ሲያወጣው "ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራው?" አለ። "እኔ" አልኩት። ከዚያ ቀና ብሎ አባቴን አየው። አባቴ ወደ እኔ ሊመጣ ብሎ በጎኑ ያለውን አልጋ ገጭቶ ሊወድቅ ነበር። ሰውየው እኔን ትቶ ተነሣ፣ ከአባቴ ጆሮ አጠገብ ጣቱን ቀሰረ።

"አባት፣ ፊት ለፊት እያዩ ይንገሩኝ፤ ጣቴ ይታይዎታል?"

"የቱ ጣት?" አለ አባቴ።

ሐዋሳ ሄድን፣ እኔ እያነከስኩ። የዓይን ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለች። የዓይን ውስጥ ግፊት ነው፤ አያምም፣ ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሃል ይመጣል፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት በጠብታ እንሞክራለን። "ዓመት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ብዙ ይተርፍ ነበር" አለች፣ ወደ እኔ ዞራ። "ምንም ምልክት አላያችሁም?" አባቴ ቀደመኝ፦ "ዶክተር፣ እሱን አይጠይቁት። ጦሩ ነው እያልኩ ያታለልኩት እኔ ነኝ።" ሊሸፍነኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በመልስ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። በየትኛው ጎኑ እንደተቀመጥኩ እንኳን አያይም ነበር።

ጠብታው ትንሽ ጊዜ አቆየው፣ አላዘለቀውም። አሁን ቀንና ማታን ብቻ ይለያል። ጧት ጧት ሄጄ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ፣ ጀሪካኑ ላይ ይቀመጣል፣ የብየዳውን ድምፅ እየሰማ "ኤሌክትሮድህ ረጥቧል" ይለኛል። አይሳሳትም።

ባለፈው ሳምንት "እስቲ ጦሮቹን አውርዳቸው" አለኝ። አወረድኳቸው። አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሳቸው። ፌሮውን፣ ባሌስትራውን፣ ባለ አምስቱን አወቃቸው። ባለ ሰባቱን ሲነካ እጁን ቶሎ አነሳ። በመጨረሻ የድሮውን፣ ከጣና ይዞት የመጣውን አነሳና ሁለቱን ጣቶች ከሥር እስከ ጫፍ ሄደባቸው።

"ይሄኛው ምን ሆኖ ነበር?" አለኝ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልሆነም ነበር፣ አባዬ። ያኔም ደህና ነበር። ዋሽቼህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ጦሩ ደህና እንደነበር ነዋ። ፊዚክስ አስተምሬ ይሄ ይጠፋኛል? ብርሃኑ እንደ ድሮው ነው፣ ውሃውም እንደ ድሮው። የሚቀረው ዓይኔ ነው።" ጦሩን ጭኑ ላይ አጋደመው። "ግን መጀመሪያ ቀን ስገባ በጣም ደስ አለህ። ሐኪም ቤት ብሄድ እዚህ ምን ብዬ እመጣለሁ?"

የሚያለቅስ ሰው መቆጣት የለበትም፣ እኔ ግን እያለቀስኩ ጮኽኩበት። "ዝም ብለህ አትገባም ነበር? በር እኮ ነው! ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው!"

"አንተስ" አለኝ፣ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ፣ "ዝም ብለህ 'አባዬ ግባ' አትለኝም ነበር?"

ዐሥራ ሰባት ዓመት በደጄ ሲያልፍ አንድ ቀን እንኳን አላልኩትም።