ጋሽ ወልዴ ዛሬ የእውነት ሞቷል፣ ጌጫ ያላችሁ ለእህቱ ድረሱላት

እባካችሁ የአሁኑን እመኑኝ። ወሬ አይደለም። የፒያኖ አስተማሪዬ ጋሽ ወልዴ ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሚዛን ከተማ አርፏል፣ አጠገቡ ነበርኩ፣ እኔም ራሴ እስካሁን አላመንኩም። ፊደል ብሳሳት ይቅር በሉኝ፣ ትምህርት ከአምስተኛ ነው ያቆምኩት።

ባለፈው ክረምት ለሕክምና ጅማ ሲሄድ አንዱ ተነስቶ ሞተ ብሎ ለጠፈ፣ ሰው ሁሉ ተቀባበለው። እህቱ እትዬ አለሚቱ ከጌጫ ደረቷን እየደቃች ስትደርስ እሱ ድኖ ተመልሶ ፒያኖው ላይ ቁጭ ብሏል።

"አለሚቱ፣ አይዞሽ፣ የዛሬው ልምምድ ነው። ለዋናው ለቅሶ ድምፅሽ ይከፈታል" አላት።

በነጠላዋ ጀርባውን መታችው። "ሁለተኛ አንተ ራስህ ካልደወልክ ንቅንቅ አልልም!" አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ዛሬ ያ ነገር ጉድ አደረገን። ጌጫ ያለው ባለሱቁ ዳዊት ጋ ደወልኩ፣ እሱም የጋሼ ተማሪ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጀመራችሁ? ያቺን ሴትዮ ሁለቴ አላስደነግጥም" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ብደውል ብደውል አያነሳም። የእትዬ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው፣ ቢከፈትስ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይነገራል?

ጋሼ ያገኘኝ የቤተክርስቲያኑን አዳራሽ ስወለውል ነው። ፒያኖውን በጨርቅ ስጠርግ ቁልፉ ተነክቶ ጮኸብኝ፣ ደንግጬ ወደ ኋላ ዘለልኩ። "አይዞሽ ልጄ፣ አይናከስም" አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ስራ ሳልጀምር ፒያኖው ፊት ያስቀምጠኛል። ቀኝ እጅ ለብቻ፣ ግራ እጅ ለብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዛ ሁለቱን አንድ ላይ።

ቀላል ቀላሉን መዝሙር ስችል በቃ አወቅኩ ብዬ ነበር። ከዛ በኋላ ግን ወር ሙሉ ብለማመድ ለውጥ የለውም፣ ግራ እጄ እንቢ አለች፣ ሰለቸኝ፣ አለቀስኩ። "አሁን መሃል ላይ ደርሰሻል" አለኝ። "ሰው ሁሉ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ቀላሉ አይጥምሽም፣ ከባዱ አይመጣልሽም። የደከመሽ ቀን ትንሽ ምቺ፣ ግን ምቺ።"

ይቺን አባባሉን ያስተማረው ሁሉ ያውቃታል።

የኛ አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ፒያኖው ርጥበት ይገባውና እንጨቱ ያብጣል፣ የተጫንከው ቁልፍ እዛው ሰምጦ ይቀራል። ጋሼ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የሰመጠውን በጣቱ ብድግ ያደርግልኛል፣ እኔ እመታለሁ እሱ ያነሳል፣ እመታለሁ ያነሳል። አንድ ቀን እንኳን ደከመኝ አላለም።

ዛሬ ጠዋትም ያቺን ያስቸገረችኝን ቦታ ስመታ "ድገሚያት" አለኝ። ደገምኳት። ጥሩ ስመታ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማኝ፣ አሁንም እንደዛ መስሎኝ እስከ መጨረሻው መታሁት። ዞር ብዬ "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" ብለው ዝም። እጁን ብይዘው ዝም። ጮህኩ፣ ሰው መጣ፣ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ አልፏል አሉን።

ዕድሩ ድንኳን ጥሏል። ቀብሩ ነገ ረፋዱ ላይ ነው፣ ከዛ በላይ አይቆይም አሉ። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እስኪነጋ ከተጠበቀ እትዬ ቀብሩ ላይ አትደርስም። ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው። እባካችሁ ጌጫ ያላችሁ፣ እሷ ፌስቡክ የላትም፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱላት። ደጅ ላይ ቆማችሁ አትንገሯት፣ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ሽማግሌ ካየች ታምናለች። ከዛ መኪና ውስጥ መሃላችሁ አድርጋችሁ በቴፒ በኩል አምጡልኝ። በጨለማ የሚወርድ መኪና የለም። በጣም ደክሞኛል፣ ግን እህቱ ሳታየው እንዳይቀበር ፈርቻለሁ።

ጋሽዬ፣ ጎንህን ይመችህ። ብቻህን አይደለህም፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገብህ ነኝ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ እህትህን እየጠበቅኩልህ ነው። እንደ አባት ነበርክልኝ። ደህና ሁን።

ዳዊት፣ ወንድሜ፣ ይሄን ካየህ በእናትህ ሳይመሽ መልሰህ ደውልልኝ።