ከባዱን መዶሻ የፈለገው ሰው

ሚስማር ልገዛ ገብቼ ነው ያየሁት። ስድሳውን ያለፈ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው፤ አንዱ ቁልፍ ግን ቀዳዳውን ስቷል። የግንባታ ዕቃ መሸጫው ሱቅ ጥግ ላይ የተደረደሩትን የድንጋይ መፍለጫ መዶሻዎች አንድ በአንድ ያነሳል። እጀታውን ጫፉ ላይ ይዞ ክንዱን ይዘረጋና በከንፈሩ ይቆጥራል። አራት ሳይደርስ ክንዱ ይወርዳል።

"ከዚህ የሚከብድ የለም?" ሲል ጠየቀ።

ባለሱቁ ሳቀ። "አባቴ፣ ይሄ እኮ ስምንት ኪሎ ነው! ምን ሊያፈርሱበት ነው?"

"የማፈርሰው የለኝም። ጣቶቼ እንዲበረቱ ልለማመድበት ነው።"

"በዚህ ዕድሜ ስፖርት? በሉ ይቺን ቀለል ያለችውን ይውሰዱ።" ባለ ሁለት ኪሎውን ዘረጋለት።

ሰውየው አልተቀበለውም። "እሷ ሁለት ኪሎ አይደለችም፣ ልጄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ባለቤቴን ማለቴ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት እጄ ከዳኝና ወደቀችብኝ።"

ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ። "የሚያግዝዎት ሰው የለም?"

"ሌላ ሰው ሲነካት ታለቅሳለች።"

ስምንት ኪሎውን ገዝቶ ወጣ። ተከትዬው "ልያዝልዎት?" ስለው "ተወው፣ መልመድ አለብኝ" አለኝ።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደ አቃተው። መዶሻውን ግን አልጣለውም። እግረኛው መንገድ ላይ ተንበርክኮ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ እንዳያመው የሚሳሳለት ይመስል ቀስ ብሎ አጋደመው።