የግብ ጠባቂዋ ሰባት ቀን

ጸዳለ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነው። ፊት አታምንም። ደብረ ታቦር ሜዳ ላይ ሦስት ዓመት ግብ ስትጠብቅ የተማረችው ይህንኑ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የምትመታ ልጅ በዓይኗ ቀኙን እያየች ወደ ግራ ትመታለች። የቆመችበት እግር ግን አይዋሽም፤ ጣቱ ወደዞረበት ኳሷም ትሄዳለች። ጓደኞቿ «ጸዳለ ዳቦ እንኳ የምትገዛው የባለሱቁን ጫማ አይታ ነው» እያሉ ይስቁባታል።

የእናቷን ውሸት ደግሞ በነጠላዋ ታውቀዋለች። ወርቅነሽ በጋፋት መንገድ ካለው ማሳዋ ድንች እየቆፈረች ቅዳሜ ገበያ ታወርዳለች። ሳምንት የቆየውን ድንች «ትናንት የወጣ ነው» ስትል የነጠላዋ ጫፍ ሳይታወቃት ወደ አፏ ይሄዳል። ገዢዎቹ አያስተውሉም። ጸዳለ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጎኗ ተቀምጣ ስታየው ኖራለች።

በ2017 ጥቅምት ላይ አሰልጣኝ ሙሉቀን ልምምዱን አስቁሞ አንድ ዝርዝር አነበበ። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ለምርጫ ከጠራቸው ሠላሳ ልጆች አንዷ ጸዳለ ነበረች። ልጆቹ እየጮሁ ተሸከሟት። ሙሉቀን ግን አልሳቀም። ከግቡ ጀርባ ለብቻዋ ወሰዳት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«እሱን ለጋዜጠኛ ትነግሪዋለሽ። ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ።»

«አሥራ ስድስት ነው ኮች። እናቴ ትሙት!»

ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አያት። ከአራት ዓመት በፊት የላካት አጥቂ ዕድሜዋ አልፎ ተገኝቶ የዞኑ ቡድን ውጤት በሙሉ ተሰርዞበታል። ከዚያ ወዲህ ረጅም ልጅ ባየ ቁጥር ሌባ ያየ ይመስለዋል።

«ከታህሳስ 22 ቀን 2000 በፊት የተወለደች አትገባም» አላት። «ለወንዶቹ የእጅ አንጓ አጥንት በማሽን ያነሳሉ አሉ። ለእናንተ የሚታየው ወረቀት ነው። የልደት ወረቀትሽን እስከ ሰኞ አምጪ። ንጹሕ ወረቀት ነው ያልኩሽ።»

ጸዳለ የልደት ወረቀት አልነበራትም። የተወለደችው ቤት ውስጥ ነው። በእነሱ ቤት ልደት የሚባል ነገር አይከበርም፤ እናቷ ሲጠይቋት «በሚሌኒየሙ በጋ ነው» ትላለች፣ በቃ። ያለው የክርስትና ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ ክርስትና የተነሳችበት ቀን መጋቢት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ተብሎ ተጽፏል።

በማግሥቱ እናትና ልጅ ቀበሌ ሄዱ። የልደት መዝጋቢዋ ሠናይት ካርዱን አየችና በግድግዳው ላይ ወዳለው ካሌንደር ዞረች።

«ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የምትነሳው። ከመጋቢት 5 ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ…» ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። «ታህሳስ 15።»

ጸዳለ በሆዷ ቀነሰች። ሰባት ቀን። በሰባት ቀን በልጣለች።

«እስቲ አንዴ ድገሚልን፣ ልጄ» አለች ወርቅነሽ።

«ብደግመውም ያው ነው እናቴ። ምናልባት ታማ፣ ለነፍሷ ተፈርቶ ሰማንያው ሳይሞላ ተነስታ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። እሱም በምስክር…»

«ታማ ነበር እንጂ!» አለች ወርቅነሽ፣ ሠናይት ቃሏን ሳትጨርስ። «ትክትክ ይዟት! የተወለደችውማ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፣ ጥር 12።»

የነጠላዋ ጫፍ አፏ ላይ ነበር።

ሠናይት እናቲቱን አየች፤ ቀጥላ የልጅቱን ቁመት አየች። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ስንት ኳስ ተጫዋች በጥር ተወለደ መሰላችሁ?» አለች። «እንግዲህ ሦስት ምስክር አምጡ። አንዷ የክርስትና እናቷ ትሁን። ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት።»

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ጸዳለ ወደ እናቷ ዞረች።

«ትክትክ ይዞኝ እንደነበር አንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ስንቱን ልንገርሽ? ሬሳ ሆነሽ ነበር ልበልሽ?»

«እማ…»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አለች ወርቅነሽ የሾፌሩን ጀርባ እያየች። «ሁለቱን ጎረቤቶች እኔ አናግራለሁ። ብዙነሽ ጋ ግን አልረግጥም። ቅዳሜ ሰው እልክባታለሁ።»

ብዙነሽ የጸዳለ የክርስትና እናት ናት። ቤቷ ወደ ከተማ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። በመስኖ ቦይ ተጣልተው ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ካቆሙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ልምምድ ጸዳለ ስድስት ግብ ገባባት። ወሬው ከቀበሌ ሜዳ ደርሶ ነበር። አንዷ ኳስ ስታቀብላት «እማማ ጸዳለ፣ ጉልበትዎን እንዳያምዎት!» አለቻት፤ ሌሎቹ ሳቁ። ጸዳለ የማን እግር ወዴት እንደዞረ ማየት አቅቷት ነበር። የምታየው ያንን የነጠላ ጫፍ ብቻ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣላት። ሴት የወለደች እናት ሰማንያው ቀን ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እሷ በእርግጥ ጥር 12 ተወልዳ ከነበረ፣ ክርስትና ስትነሳ ገና ሃምሳ ሦስት ቀኗ ነው። ስለዚህ እናቷ ያን ዕለት ከደጅ ቀርታለች ማለት ነው። ይህንን ደግሞ እናቷ ለማንም ስላላስጠናች ብዙነሽ ያየችውን ትነግራታለች። ዓርብ፣ እናቷ ሰው ሳትልክ፣ ብቻዋን ወደ ብዙነሽ ወረደች።

ብዙነሽ ደጇ ላይ ገብስ እያሰጣች ነበር። ቀና ብላ እንኳ አልሳመቻትም።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ቦዩን ዝጊ በያት ብላሽ ከሆነ አልዘጋም።»

«የቦይ ነገር አይደለም። ክርስትና ስነሳ እናቴ የት ነበረች?»

«የት ትሆን? ከጎኔ ነዋ!» አለች ብዙነሽ፣ እጇ ገብሱ ውስጥ እንዳለ። «ካህኑ ውሃውን ሲያፈሱብሽ ያን ጩኸትሽን ብትለቂው ሳቋ መጥቶባት በነጠላዋ ተሸፈነች። ደግሞ ውፍረትሽ! እስክመልስሽ ድረስ ክንዴ ዝሎ።»

ጸዳለ ከደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ትክትክ የያዘው ሕፃን ክንድ አያዝልም።

ብዙነሽ አሁን ቀና አለች። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

ጸዳለ ሁሉንም ነገረቻት፤ ዝርዝሩን፣ ሰባቱን ቀን፣ ምስክሩን። ብዙነሽ ሰምታ ስትጨርስ እጇን አራገፈች።

«እና ምን ልበል? አንቺ ንገሪኝና እላለሁ። ከእናትሽ ጋር ያለኝ ጠብ ሌላ፣ አንቺ ሌላ። ውጭ ነበረች ካልሽኝ ውጭ ነበረች።»

እንዲህ በቀላሉ ማለቷ ጸዳለን አስፈራት። ሰው ለሚወዳት ልጅ ሲል ይህን ያህል ፈጥኖ የሚዋሽ ከሆነ፣ የማትወዳት ደግሞ ይህን ያህል ፈጥና ታጋልጣለች። ካምፕ ስትገባ፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር፣ ሰው ባንሾካሾከ ቁጥር የእሷን ሰባት ቀን የሚቆጥር ይመስላታል። የሙሉቀን የአራት ዓመት ውርደትም ትዝ አላት።

«አይምጡ» አለች። «ሰኞ አይምጡ። ሰው ቢላክብዎትም እምቢ ይበሉ።»

«እናትሽ እኮ የምትረግመው እኔን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ማንን ትመስያለሽ?» አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች።

ሰኞ ሁለቱ ጎረቤቶች መጡ። ሦስተኛዋ አልመጣችም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠናይት መዝገቡን ዘጋች። ወርቅነሽ እስከ ቤት ድረስ «ለአንዲት ቦይ ብላ የልጄን ዕድል!» እያለች ብዙነሽን ረገመቻት። ጸዳለ የራሷን ጫማ እያየች ተራመደች። ለሙሉቀን ያለችው «ታህሳስ 15 ነው» ብቻ ነው። እሱም ስሟን ሰረዘ። ብዕሩን ሲመልስ ግን በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ።

ዘንድሮ ከሃያ ዓመት በታች ያለው ቡድን ጠራት። የልደት ወረቀቷን ራሷ ሄዳ አወጣች። በምትሄድበት ጠዋት እናቷ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም።

«ስንት ብለሽ አስጻፍሽው?»

«አንቺ እንዳልሽው።»

ይህን ስትል የቱታዋን አንገት ወደ አፏ ስባ ኖሯል። ወርቅነሽ እጇን አየች። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላትና ጓዳ ገብታ አንድ ፌስታል ድንች ይዛ ወጣች።

«ይህን ለብዙነሽ አድርሺላት። መንገድሽ ነው።»

«ለብዙነሽ?»

«ትናንት የወጣ ነው በያት» አለች ወርቅነሽ።

ነጠላዋ ከትከሻዋ አልተነቃነቀም። ጸዳለ እናቷ ምን ያህል እንደምታውቅ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ተወችው። ፌስታሉን ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች።