ዘር ብዬ የተረጎምኩት ቃል

ጤነኛ ደም መሥራት የማይችል ሰውነት ይዤ ነው የተወለድኩት። በየወሩ ሆስፒታል ሄጄ የሰው ደም ይሰጠኛል። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ነገሩ ሁሉ ሰልችቶኝ፣ መርፌው ሲገባ እንኳ ፊቴን አላዞርም ነበር። አልፈራም፣ አልናደድም። ደንዝዤ ነበር።

አንድ ቀን የምትከታተለኝ ሐኪም አዲስ ሕክምና መጥቷል አለችን። እናቴ በከተማችን ሰሜናዊ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ስታሽግ የለመደቻት ዕብራይስጥ ለዚህ አትበቃም፤ ስለዚህ እኔው ስለ ራሴ ተረጎምኩ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ እንደማወራ ሆኜ። መቅኒዬን ያወጣሉ፣ ውስጡ ያለውን «ጌን» የሚሉትን ነገር ያርማሉ፣ መልሰው ይሰጡኛል። ጌን በአማርኛ ምን ይባላል? አፌ ላይ የመጣልኝ ዘር ነበር።

«ዘሬን ያስተካክሉታል» አልኳት።

እናቴ ቦርሳዋን ብድግ አደረገች። «ዘርሽ ምን ሆነና? ወይ ጉድ! እዚህ አገር ስንገባ ዘራችሁን አስመስክሩ እያሉ አሳራችንን ሲያበሉን ኖረው፣ አሁን ደግሞ ይቀይሩት? ሰባት ቤት ቆጥረን የተጋባን ሰዎች ነን እኮ! አልፈርምም በያት።»

ያለ እሷ ፊርማ የሚሆን ነገር የለም። በአውቶቡስ ወደ ሰፈራችን ወደ ሮቫ ቫቭ ተመለስን። መናደድ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልመጣልኝም።

በዚያ በጋ ማታ ማታ ባሕሩ ዳር ስንሄድ ትንፋሽ እያጠረኝ አግዳሚው ላይ ቁጭ እል ጀመር። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ይሻልሻል» ትለኛለች። አልተሻለኝም። ሐኪሟ እንደገና አስጠራችን።

«ለስኳርሽ ኢንሱሊን ትወጊያለሽ አይደል?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። «ድሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው።»

ስተረጉምላት እናቴ ጮኸች። «አሳማ! እግዚኦ!»

«ያንቺ አይደለም። ሳይንቲስቶች የሰውን ጌን ባክቴሪያ ውስጥ ከተቱ፤ ባክቴሪያዋ የሰው ኢንሱሊን መሥራት ጀመረች። በየቀኑ የምትወጊው እሱን ነው። እንዲህ እያለ ነው ጌን እስከ ማረም የተደረሰው።»

«ታዲያ የእኔ ዘር ባክቴሪያ ሆነ?» አለች እናቴ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቄ መጣ። ያን ጊዜ ነው ጣጣው ቃሉ እንደሆነ የገባኝ።

«ዘር አይደለም፣ እማ። ደሜ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግር ትእዛዝ ነው። የእኔው ትእዛዝ ስህተት አለበት። የሚታረመው ደሜ ብቻ ነው። ልጅ ብወልድ ያንቺው የልጅ ልጅ ነው።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ስህተቱስ ከየት መጣ? እሱን ጠይቂያት።»

ጠየቅሁላት። መልሱንም እንደ ወረደ፣ ሳልጠነቀቅ ተረጎምኩት፦ ግማሹ ከአባቴ፣ ግማሹ ከእሷ። ለየብቻ ሲሆን አያሳምምም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሰባት ቤት ቢቆጠርም ሊያጋጥም ይችላል።

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ወደ ሐኪሟ ዞራ፣ በዚያችው በፋብሪካ ዕብራይስጧ፣ ቃል በቃል እየለቀመች ተናገረች። «የእኔ ፓሱል። አውጪ። ከልጄ አውጪ።»

ፓሱል ማለት እነሱ ፋብሪካ ተበላሽቶ የሚጣል ዕቃ ነው።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች፣ እንድተረጉምላት ይሁን እንድመልስላት እንጃ። እኔ እንባዬ አገጬ ድረስ ወርዶ ነበር።