በሐጃ ፈንታ የሠራሁት ስፖርት

«አህሰንቲ» የሚል ቃል እስከ ዛሬ መስማት አልወድም። በዐረብኛ «ጎበዝ» እንደማለት ነው፤ እናት ለልጇ የምትለው ደግ ቃል ነው፣ ቃሉስ ምን አደረገ። እኔ ግን በየጧቱ ከታብሌት ውስጥ፣ ከወንበሯ ላልተነሳች ሴት ሲባል ስሰማው ስለከረምኩ፣ ገበያ ላይ እንኳ አንዷ ለልጇ ስትለው ፊቴን አዙሬ አልፋለሁ።

ጦርነቱ ሳይመጣ ነው፤ ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ አገር የተበተኑባቸው መካ ደርሰው የተመለሱ አንዲት ሐጃ ቤት እያደርኩ እሠራ ነበር። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ወለሉ የሚያንሸራትት ሸክላ ነው፣ ውስጡ ያለነው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። እኔ «ሐጃ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ያ ቢት» ይሉኛል፤ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ሠላሳ አምስት አልፎኝ «ልጅ» የሚለኝ በማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ቀን ለሶላት ዉዱእ ሊያደርጉ፣ ሊታጠቡ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። እንግሊዝ አገር ያለችው ትልቋ ልጃቸው በስልክ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ ከዚያ ፈረደች። «ማማ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ብትወድቂ ቤቱን አከራይተን አንቺን ወደዚህ ነው የማመጣሽ» አለቻቸው።

ሐጃ ያን ቀን ምሳ አልቀመሱም። «ወስዳ አራተኛ ፎቅ ላይ ልትዘጋብኝ ነው» አሉኝ። «ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው። ባሌም እንደዚያ ነው የወጣው።» እውነታቸውን ነው። ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴቶች መጥተው ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር በጠፍር አልጋ ላይ ይኮለኮላሉ፤ ሰው ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሐጃ መሀል ላይ ሆነው ይፈርዳሉ። እንግሊዝ አገር ማን ላይ ሊፈርዱ ነው?

ወር ሳይሞላ በመንገደኛ እጅ አንድ ካርቶን መጣ። ውስጡ ታብሌትና ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለ፤ ቀበቶው ላይ የካፖርት ቁልፍ የምታክል ነገር ተለጥፋለች። ልጅየዋ በቪዲዮ ደውላ አስረዳችን። ሽማግሌና አሮጊት እንዳይወድቅ የሚያደርግ የቤት ውስጥ ስፖርት ነው አለች። የታብሌቱ ካሜራ አነሳስን ያያል፣ ቀበቶው መንገዳገድን ይለካል፣ ውጤቱ እሷ ስልክ ላይ ይደርሳል። ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ፣ መጥፎ ከሆነ ቀይ። «ሁሉንም ያስተካከለው ባሌ ነው» አለች ኮራ ብላ። «አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ ማማ፣ ቤትሽ ትኖሪያለሽ።»

«ባሌ» ያለቻት ቃል ናት ጉዱን ሁሉ ያመጣችው። ሐጃ ከአማቻቸው ጋር አንድ ማዕድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው አያውቁም። ሊጠይቅ መጣ ሲባል ቶባቸውን፣ ያን ሱዳኖች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙትን ረጅም ጨርቅ፣ እስከ አፍንጫቸው ይስቡታል። አይፈረድባቸውም። እኔም የወሎ ልጅ ነኝ፤ የሴት ልጅ ባል ፊት እንዴት እንደሚኮን አይጠፋኝም።

በመጀመሪያው ጧት ሳሎን ውስጥ ወንበር አዘጋጀሁ፣ ታብሌቱን ፊት ለፊት ቁም ሣጥኑ ላይ አቆምኩት። ከውስጡ አንዲት ሴት እንደ ዜና አንባቢ በደረቅ ዐረብኛ ተነሱ ተቀመጡ ማለት ጀመረች። ሐጃ ገና ሳይነሱ «ጉልበትዎ አይታየኝም፤ እባክዎ ልብስዎን ሰብሰብ ያድርጉ» አለች።

«ምን አለች?» አሉኝ። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ነገርኳቸው።

«እኔ? የልጄ ባል በላከው ዐይን ፊት ቶቤን ልሰብስብ? ሂጂ ወዲያ!» ቀበቶውን ፈትተው ወረወሩት።

«ታዲያ ለልጅዎ ይንገሯታ፣ ሐጃ።»

«ምን ብዬ? ባልሽ እግሬን እንዳያየው ልበላት? ይህን ከአፌ ላውጣ?» እግራቸውን ከማሳየቱ ይልቅ መናገሩ የባሰ ነውር ሆነባቸው። በዚያው ተዘጋ።

ሦስት ቀን ቀይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ልጅየዋ ደወለች። «ማማ፣ ካልሠራሽ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ወላሂ!»

በማግስቱ፣ የአላህን እውነት ልናገር፣ ማታለል በልቤ አልነበረም። ዕቃው ተበላሽቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ቀበቶውን ራሴ ላይ ያሰርኩት። በቤት ሱሪዬ ቆሜ ሴትዮዋ ያለችውን አደረግሁ። እጅ ሳልደገፍ ከወንበር ተነሳሁ ተቀመጥኩ፤ በጣቴ ቆምኩ፤ በአንድ እግር ቆምኩ፤ ተረከዜን ከሌላው እግር ጣት እያስነካሁ ሄድኩ። «አህሰንቲ! አህሰንቲ!» አለች ያቺ ከንቱ። አረንጓዴ በራ። ሐጃ ሶፋው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። «ማማ! አየሁት! አረንጓዴ! በአንድ ቀን እንዲህ ትሻሻያለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም!»

ሱብሃነላህ! ትናንት ያልተነሳች አሮጊት ዛሬ በአንድ እግሯ ቆመች ሲባል «እንዴት ሆኖ?» አይባልም? የተማረች ሴት እኮ ናት። እናቷን አላየችም፤ ያየችው ቀለም ነው። ቀለሙ ካማረ ሌላው ምን ጨነቃት?

እሷን ብቻ ማማቱ ግን አያዋጣኝም። እኔን ከሐጃ መለየት ካቃተው፣ ያ ካሜራ ለማንም ምንም አያሳይም ማለት ነው። ይህ ገብቶኝ ነበር። አንድ ቀን ብያቸዋለሁም። «ሐጃ፣ ማንም አያይም፤ እርስዎ ይሥሩት።»

«ዛሬ አላየ ይሆናል፤ ነገ ቢያይስ?»

«እኔንስ ቢያየኝ?»

ሳቁ። «አንቺ ምን አለብሽ?» አሉኝ።

በክፋት አላሉትም። ክፉ ሴት አይደሉም። ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። የእሳቸው እግር ነውር ነው፣ የእኔ እግር የዕቃ እግር ነው፤ ሠራተኛ ነኛ! ዋጥኩት። ከዚያ ወዲያ «ይሥሩት» ብዬ አልጎተጎትኳቸውም። ተናድጄ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቀሎኝ ነው። እሳቸውን አባብሎ ማሠራት ጧቱን ሙሉ ይወስዳል፤ ራሴ ስሠራው አንዴ ዝልል ዝልል ብዬ ወደ ልብስ አጠባዬ እሄዳለሁ።

ደግሞ ሌላም ጉድ አለብኝ። ትልቅ ሰው ሲታገል ቆሞ ማየት አልችልም፤ እንዲያ ነው ያሳደጉኝ። ሐጃ ሊነሱ እጃቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ እኔ ብብታቸው ሥር ነኝ። ውኃ ቢጠማቸው እስከ አፋቸው፣ ጫማ ቢፈልጉ እስከ እግራቸው። መታጠቢያ ቤቱን ስለፈራሁት የዉዱእ ውኃውን በሳህን አልጋቸው ድረስ አመጣላቸው ጀመር። ሶላታቸውም ተቀምጠው ሆነ። የጎረቤት ሴቶች «ማሻአላህ፣ ከልጅ ትበልጣለች!» ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። ኤጭ! ያ የተነፋ ደረቴ አሁን ያሳፍረኛል። አምስት ወር ሙሉ ሴትዮዋ በገዛ እግራቸው ያደረጉት ነገር አልነበረም፤ አንዱንም አላስነካኋቸውም።

ማታ ማታ እግራቸውን በዘይት አሻለሁ። ባታቸው ከሳምንት ሳምንት እየሟሸሸ፣ ቆዳው ብቻ በእጄ ሲመጣ አይቻለሁ። እርጅና ነው አልኩ። ለራሴ የነገርኩት እንዲህ ብዬ ነው። እኔ ደግሞ በዚያው ጊዜ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ከበር እስከ ኩሽና ብቻዬን እሸከም ጀመር።

ለዒድ ልጅየዋ መጣች። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ሳሎን ገባ። እናቷን አቅፋ ሳመች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ አረንጓዴውን ለጎረቤት ሴቶች እያዞረች ታሳይ ገባች። «አምስት ወር ሙሉ! አንድ ቀን አላቋረጠችም! እዚያ ያሉ ሐኪሞችን አሳየኋቸው፣ ተገረሙ!» ሴቶቹ በየቀኑ የሚያዩት እኔ ስደግፋቸው ነው። አንዳቸውም ግን ትንፍሽ አላሉም። የእንግዳ ደስታ ማበላሸት ነውር ነው፤ ሁሉም ነገር ነውር ነው፣ መዋሸት ብቻ ነው ነውር ያልሆነው!

ሐጃ አዲሱን ቶብ ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅየዋ ተነስታ በሩ ጋ ቆመችና እጇን ዘረጋች። «ነዪ ማማ፣ ያለ ከዘራ! ሁሉም ይይሽ!» አንዷ እንግዳ ስልኳን ለመቅረጽ አነሳች።

እንደ ልማዴ ብብታቸው ሥር ገባሁ። «ኸሊሃ!» አለችኝ ልጅየዋ፤ ተያት ማለቷ ነው። «አንቺ ነሽ የምታሰንፊያት። ትችላለች እኮ!»

ሐጃ አዩኝ። ያ አስተያየታቸው ከዐይኔ አይወጣም። «አልችልም» ካሉ ውሸቱ ይወጣል፣ ቤቱም ይሄዳል። እኔም ያን አውቃለሁ። አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ «ማዳም፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» ብል እንግዳው ይደነግጣል፣ እሷ ትጮህብኛለች፣ ምናልባት ታባርረኛለች፣ ሌላ ምን ይመጣል? አላልኩም። እጄን ከብብታቸው አነሳሁ።

የሶፋውን ክንድ ገፍተው ተነሱ። አንድ እርምጃ ሄዱ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሁለተኛውን ሄዱ። በሦስተኛው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ አልተደናቀፉም፣ ምንም አልነካቸውም፣ ዝም ብሎ ታጠፈ። በጎናቸው ወለሉ ላይ ሲያርፉ የተሰማውን ድምፅ አልናገረውም። ቀራጭዋ ስልኳን ለማውረድ እንኳ ጊዜ ወሰደባት።

የዳሌያቸው አጥንት ነው የተሰበረው። ሆስፒታሉ መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ቆሟል፤ እሳቸውን በቃሬዛ ሦስተኛ ፎቅ አወጧቸው፤ እኔ ብርድ ልብስና ምግብ ይዤ በየቀኑ ደረጃውን እመላለሳለሁ። ልጅየዋ በየፎቁ እየቆመች ታለከልካለች። እኔ አልደከመኝም። ጭራሽ ትንፋሼ እንኳ አልፈጠነም። የሐጃ የነበረ ጉልበት እኔ ውስጥ ሆኖ ደረጃ ሲወጣ ተሰማኝና ራሴን ተጸየፍኩት።

ሐኪሙ እግራቸውን ዳበስ አድርጎ «እኚህ ሴት ስፖርት ይሠሩ ነበር ያልሽው የት ነው?» አላት ልጅየዋን። «ይህ እግር ወራት ሙሉ አልተቆመበትም።» እሷ ዞራ አየችኝ።

ኮሪደር ላይ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ካሜራውን፣ ቶቡን፣ የባሏን ነገር፣ ቀበቶውን። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ግድግዳውን ተደግፋ «ምን ዐይነት ሰዎች ናችሁ?» አለች። ስልኳን ከፈተች፣ ያን ሁሉ አረንጓዴ አየችው፣ ዘጋችው። «ለማማ እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። ከሷም የምጠብቀው ይኼንኑ ነበር፤ እዚያ ቤት እውነት የሚነገረው ሐጃ በሌሉበት ነው።

አጥንቱ በብረት ታሰረ። በሳምንቱ ምሳቸውን ይዤ ስገባ ሐጃ ነቃ ብለዋል፣ ፊታቸው ወዝ መልሷል። ልጅየዋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። በማንኪያ ላጎርሳቸው ስል ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱና ራሳቸው በሉ፤ አልጋው ላይ ፈሰሰባቸው፣ ግድ አልሰጣቸውም።

«ያ ቢት» አሉኝ፣ «ቤታችን መቼ ነው የምንገባው?»

ልጅየዋ አንገቷን አላቀናችም። መልሱ ለእኔ ተተወ።

«ነገ፣ ኢንሻአላህ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ግቢውን ጠርጊው እንግዲህ። ሴቶቹ ይመጣሉ።»

«እሺ፣ ሐጃ» አልኩ። ያን ዕለት ጧት የቤቱን ቁልፍ በገዛ እጄ ለሚያከራየው ደላላ አስረክቤ ነበር የመጣሁት።