የሐጂ ብርቱካንና የሚራመደው አቧራ

ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ሰው ልጁን፣ ከብቱን፣ የቻለም ፍራሹን ይዞ ወጣ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የሰብል ተባይ ባለሙያ ነኝና አጉሊ መነጽር፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽና በጥጥ የተጠቀለሉ ትንንሽ ብልቃጦች ይዤ ወጣሁ። ቅያሪ ሱሪ አልያዝኩም። ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር «ሱሪህን ትተህ ቅማል ትሸከማለህ!» ባለችኝ ነበር፤ ምን ብዬ እመልስላታለሁ?

ከጡረታ ወዲህ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ከወልድያ እስከ ውርጌሳ በየአትክልቱ ላይ የሚኖሩትን ነፍሳትና ቅንቅኖች እየሰበሰብኩ ዝርያቸውን እለይ ነበር። ቅንቅን ስል የዶሮውን ብቻ ማለቴ አይደለም። በቅጠል ጀርባ የሚኖር፣ ስምንት እግር ያለው፣ ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንስ ፍጡር አለ። እኩዮቼ ካርታ ሲጫወቱ እኔ ቅጠል ስገለብጥ ነው የምውለው።

የተጠጋሁት ከመርሳ ከፍ ብሎ ካለው የድሮ ወዳጄ ቤት ነው። አገሩ ሁሉ ሐጂ ይለዋል፤ ኑሮው ብርቱካን ነው። በደረስኩ ማግስት ከአትክልቱ መሀል ተቀምጦ መጥረቢያ ሲስል አገኘሁት።

«ምን ልትቆርጥ ነው?»

«ብርቱካኑን።»

ቀና ብዬ አየሁ። ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ የዛገ ቆርቆሮ መስሏል።

«ባሩድ ነው» አለኝ። «ከማዶ መድፍ ሲተኮስ ጢሱ ወርዶ መረዘው። ከጁምዓ ሰላት መልስ ቆርጬ ከሰል አደርገዋለሁ። ቦታው ላይ ማሽላ ይዘራል፤ የልጅ ልጆቼ እንኳ ይበሉ።»

ብርቱካን ተተክሎ እስኪያፈራ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን። እንደገና ተክለን የምንጠብቅበት ዕድሜ እንደሌለንም እናውቃለን።

«እስከ ጁምዓ ታገሠኝ» አልኩት።

«ምን ልታደርግ?»

«ገዳዩን ልፈልግ።»

«ገዳዩማ መድፍ ታጥቆ ማዶ ተቀምጧል፤ ሂድና ያዘው!»

ባለቤቱን ነጭ ትሪ ለመንኳት። ትሪውን ከቅርንጫፉ ሥር ይዤ በበትር መታ መታ አደረግሁት። አቧራ ረገፈ።

«ይኸው፣ አቧራ» አለ ሐጂ።

«ጠብቅ።»

ትንሽ ቆይቶ አቧራው መራመድ ጀመረ።

ሐጂ መነጽሩን ተቀብሎ አጎነበሰ። «ጥቁር ጫካ አየሁ» አለ።

«የራስህ ሽፋሽፍት ነው።»

ባለቤቱ መነጽሩን ወሰደችና ጎንበስ አለች። ከዚያ «ውይ! ጋሼ፣ ይሄማ እግር አለው!» ብላ ትሪውን ወረወረችው። የለቀምኩት ሁሉ መሬት ገባ፤ እንደገና መምታት ሆነ።

ሐጂ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። «ይኑር፤ ድሮም የነበረ ይሆናል። የገደለው ጢሱ ነው» አለኝ። ክርክሩ ውሃ ያነሳል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያ ነበር የምለው። ስለዚህ ትሪዬን ይዤ ከዛፍ ዛፍ ዞርኩ። ወገቤ እየጮኸ፣ ጉልበቴ እየተሳደበ፣ አንዱንም ሳልዘል መታሁ። በጠጠሩ መንገድ ዳር ያሉት ዛፎች ሁሉ ዝገዋል፤ ትሪው ላይ የሚራመደውም እዚያ ነው የሚበዛው። ከመስኖው ቦይ ወዲያ፣ ከዘይቱን ዛፎቹ ጀርባ ያሉት አረንጓዴ ናቸው። እነሱ ላይ ቅጠል የሚበላው ቅንቅን ጥቂት ነው፤ እሱን እያሳደደ የሚበላ ሌላ ፈጣን ቅንቅንና ጥቁር ጥንዚዛ ግን ሞልቷል።

«ጢስ ዛፍ ይመርጣል?» አልኩት። «መንገድ ዳር ያለውን መርዞ ቦዩ ዳር ያለውን የሚምረው ለምንድን ነው? የጦር መኪናው ቀን ሙሉ የሚያለብሰው አቧራ ነው። አቧራ ለዚህ ቅንቅን ይመቸዋል፤ የሚበሉትን ደግሞ ያባርርለታል።»

መጥረቢያውን አስቀመጠው።

ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመለየት ወንዱን በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል፤ የሚለየውም በብልቱ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ቅጠል ሥር ይህን ስፈልግ መዋሌን ለሐጂ ስነግረው «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ያገኘሁትን ማይክሮስኮፕ እስካገኝ በብልቃጥ ስከት ደግሞ አፍንጫው ተነሣ።

«ይሄ ምን ይሸታል?»

አልኮሉ ሁሉ ለቁስለኛ ስለሄደ ብልቃጦቼን በአረቄ ሞልቼ ነበር የመጣሁት። እውነቱን ነገርኩት።

«ከቤቴ ይውጣ!»

«ለቅንቅኖቹ እኮ ነው።»

«ይስከሩ፤ በእኔ ቤት ግን አይሰክሩም።»

ከአጥሩ ውጭ፣ ከእርከኑ ድንጋይ መሀል ጥላ ያለበት ቦታ ፈልገን አስቀመጥናቸው። ሐጂ ጠዋት ጠዋት እየሄደ ከሩቁ ያያቸዋል። ይጠብቅልኛል ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ አረቄው አለመጉደሉን ነው የሚያጣራው።

የቀረው ቅጠሉን ከአቧራው ማጠብ ነበር። መድኃኒት ከየት ይመጣል? መንገዱ ተዘግቷል፣ ሱቁ ባዶ ነው። የሐጂ ባለቤት ከጎረቤት የመስኖ ተራ ተለዋወጠች። በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ ደጋግማ አጥባ ንጹሕ ውሃ ሞላችው። እኔ አዝዬ ልነሣ ስል ተመልሼ ቁጭ አልኩ፤ እሷ ነጥቃኝ አዘለችው። የእኔ ሥራ «ከሥር! የቅጠሉን ጀርባ!» እያሉ መጮህ ሆነ። መጮህ ደግሞ አያቅተኝም። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተደግፈው ያያሉ።

«ሐጂ፣ ዛፎችህን ልትድር ነው እንዴ? እንዲህ የምታሳጥባቸው!»

«ሙሽራው ጠፋ እንጂ!» አለ ሐጂ፣ ሳይስቅ።

ጁምዓ ደረሰ። ሐጂ ከመስጊድ ተመልሶ መጥረቢያውን አነሣ። ተከተልኩት። መንገድ ዳር ካለው የመጀመሪያ ዛፍ ሥር ቆመና «ትሪውን አምጪ» አላት ባለቤቱን። ራሱ መታ፤ ራሱ አጎንብሶ ቆየ።

«ይሄዳል» አለ። «ግን እንደዚያን ቀን አይበዛም።» ቅርንጫፉን ወደ ታች ስቦ ጫፉን አሳየኝ። የጥፍር ቁራጭ የምታህል አዲስ ቅጠል ወጥታለች።

መጥረቢያውን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሄደ። እንጨቱን እየቆረጠ በመንገዱ ዳር ተከለ፤ ከተሰበሰበው ማሽላ የቀረውን አገዳ እያሰርን አቧራው እንዳያልፍ ከላይ እስከ ታች ጋረድንበት። ባለቤቱም ዛፎቹን ታጥባለች። እኔ ገመድ አቀብላለሁ፤ የማቀብለው ግን ሁሌ አጭሩን ነው ይላሉ።

ግርዶሹ ሳያልቅ ወታደር የጫነ መኪና አቧራውን እያጨሰ መጣ። ሐጂ ዘሎ መሀል መንገድ ገባና ሁለት እጁን ዘረጋ። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ከግንድ ጀርባ ተሸጎጥኩ፤ ግንዱ ቀጭን ነው፣ ሆዴ በሁለቱም በኩል ይታያል። መኪናው ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ምንድን ነው፣ አባባ? ፈንጂ አለ?»

«ብርቱካን አለ» አለ ሐጂ። «አቧራው እየገደለብኝ ነው። እስከዚያ ጥግ ድረስ ቀስ በል።»

ከላይ የተቀመጡት ሳቁ። ሾፌሩ አልሳቀም፤ ሐጂን አየ፣ ዛፎቹን አየ። ከዚያ ማርሽ ቀይሮ እንደ ኤሊ እየተንፏቀቀ አለፈ። ሐጂ ገና ከመንገዱ ሳይወጣ ከኋላ ሌላ መኪና ሲመጣ ሰማ፤ ነጠላውን አስተካክሎ እጁን እንደገና ዘረጋ።